ባዶ ወንበር የማይታይበት ሌሊት

ጠጋ በሉ። ድምፄን ዝቅ የማደርገው ትልቅ ምስጢር ይዤ አይደለም፤ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሊሞ ሾፌር ነኝ። ጥቁር ሱፍ ለብሼ በር እከፍታለሁ፣ በር እዘጋለሁ፤ በመካከሉ ከኋላ ወንበር የሚወራውን አልሰማሁም። ስንቀጠር የምንፈርመው ወረቀትም ይህንኑ ነው የሚለው። ስለዚህ የደንበኛ ስም ከእኔ አትጠብቁ። የማወራችሁ ስለ ቤቱ ነው፤ በየዓመቱ ኦስካር ስለሚታደልበት ቤትና ስለ ድግሱ ጓዳ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቀሚስና ስለ ወርቁ ምስል ነው። ከጓዳ ለሚያየው ግን የዚያ ሌሊት ዋና ጉዳይ ወንበር ነው። ማን የት ተቀመጠ? ማን ከፊት ሆነ? ማን ሰገነት ላይ ተሰቀለ? ዶልቢ ቴአትር 3,400 ያህል ወንበር አለው። በቴሌቪዥን ስታዩት አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ጢም ያለ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ባዶ ወንበር አይታችሁበት አታውቁም። ታዲያ ከሦስት ሰዓት በላይ በሚፈጅ ድግስ ላይ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ጠፍቶ ነው? ተሸልሞስ ወደ ኋላ ክፍል ለፎቶና ለቃለ መጠይቅ የተወሰደው ሰው ወንበር የት ገባ?

ዘዴው እንዲህ ነው። ካሜራ በማይደርስበት ጥግ፣ ሙሉ ልብስና የእራት ቀሚስ የለበሱ ሰዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ማስታወቂያ ሲገባና አንዱ ብድግ ሲል አስተናባሪው በጣቱ ይጠቁማል፤ ተራ የደረሰው ሮጥ ብሎ ይቀመጣል። ባለቤቱ ሲመለስ ይነሣል። ወንበር ሞይ ልንላቸው እንችላለን። አንዲት የሰፈራችን ልጅ አንድ ዓመት ይህ ዕድል ገጥሟት ነበር። ስልክ መያዝ ክልክል፣ አጠገብ የተቀመጠውን ቀድሞ ማናገር ክልክል፣ ክፍያም የለም። አዲስ አበባ ያሉ እናቷ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምረው ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠው አደሩ። በማግስቱ ደውለው፣ «ትከሻሽን አየሁት፤ ምነው ልጄ ከሳሽ?» አሏት። ትከሻው የእሷ ይሁን የሌላ፣ እሷም እስከ ዛሬ አታውቅም።

ከእነሱ የባሰ የሚገርመኝ ግን የቅዳሜው ልምምድ ነው። በዋዜማው በየወንበሩ ላይ የእጩዎቹና የታዋቂዎቹ ፎቶ በወፍራም ካርቶን ተለጥፎ ይቆማል፤ ካሜራ የሚይዙት ሰዎች ማን የት እንደሚቀመጥ እንዲያጠኑ ነው። አዳራሽ ሙሉ ፊት፣ አንድም ሰው የለበትም። በዚያው ልምምድ ላይ እጩዎቹን ተክተው የሚቆሙ ሰዎችም አሉ። ፖስታ ይከፈታል፤ «ለዚህ ልምምድ ብቻ» ይባልና አሸናፊ ይጠራል። የተጠራው ተተኪ መድረክ ላይ ወጥቶ እናትና አባቱን ያመሰግናል፤ አንዳንዱ የምር እንባ ይመጣበታል አሉ። ለምስጋና የሚሰጠው 45 ሰከንድ ነው። ካለፈ ሙዚቃው ይጀምራል፤ የማን ልጅ ነህ፣ ምን ደረሰብህ አይልም። በ2013 ኦርኬስትራው ጭራሽ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ ካፒቶል ሬከርድስ ሕንጻ ውስጥ ሆኖ ነው በሽቦ ይጫወት የነበረው። ሰውን ከሩቅ ሆኖ ዝም ማሰኘት ይቀላል መሰለኝ።

ወደ እኛ ወደ ሾፌሮቹ ልመለስ። የሆሊውድ ጎዳና ገና ሳምንት ሲቀረው ይዘጋል። በዕለቱ ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡር እንኳ የሆሊውድና ሃይላንድን ጣቢያ ሳይቆም ያልፈዋል። ማለፊያ ወረቀት የሌለው መኪና ኬላውን አያልፍም፤ ያለውም ቢሆን የዕቃ መጫኛው ይከፈታል፣ ከሥሩ መስተዋት ይገባል። ወረፋው ረጅም ነው። በዚያ ወረፋ ላይ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፣ ስም ሳልጠራ። ወረቀት ያነብባል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የምስጋና ንግግሩን እያጠና ነው። «ፈጽሞ አልጠበቅሁም ነበር» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ሲለማመድ የሰማሁት ሰው አለ።

ምንጣፉ ዳር ደርሼ በር ስከፍት ብርሃኑ እንደ መብረቅ ይመጣል። በ2023 ቀይ ምንጣፍ የምትሉት የሻምፓኝ ቀለም ነበር፤ ከ1961 ወዲህ ቀይ ሳይሆን ሲቀር የመጀመሪያው ነው። ከኋላ የቆሙት የገበያ አዳራሽ ሱቆች በመጋረጃ ተሸፍነዋል፤ በአዘቦት ቀን እኮ ቤቱ ሕዝብ የሚሸምትበት ሕንጻ ነው። ደረጃው ግራና ቀኝ ባሉት ዓምዶች ላይ በየዓመቱ ያሸነፈው ፊልም ስም ተጽፏል። ገና ላልተሠሩ ፊልሞችም ቦታ ተትቷል፤ እስከ 2071 ድረስ። ቴአትሩ ራሱ ግን ስሙን አላቆየም። በ2001 ሲከፈት ኮዳክ ይባል ነበር፤ የፊልም ጥቅሉ ኩባንያ ከሰረና በ2012 ዶልቢ ተባለ።

በሩን ከዘጋሁ በኋላ እኛ የለንም። መኪና ወደሚከማችበት ቦታ እንሄድና እስኪጠሩን እንጠብቃለን። ስድስት፣ ሰባት ሰዓት። እዚያ ነው የእኛ ኦስካር። አርመኑ፣ ሜክሲኮው፣ ሐበሻው በየቡድኑ ይሰበሰባል። በፎይል የተጠቀለለ ፍርፍር ይወጣል፣ ቡና በቴርሞስ ይመጣል፣ የአንዱ ስልክ የመኪና አፍንጫ ላይ ተደግፎ ሥርዓቱን እናያለን። የግመታ ጨዋታም አለን፤ ሁላችን ሃያ ሃያ ዶላር እናዋጣለን፣ ብዙ የገመተ ይወስዳል።

ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ፤ ከሁላችን በፊት እዚህ አገር የገቡ፣ ፊልም የሚባል ነገር የማያዩ። ግመታውን አብዛኛውን ዓመት የሚበሉት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ምስጢሩን አወጣሁት፤ ቢልቦርድ ይቆጥራሉ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሰንሴት ጎዳና ላይ ለድምፅ ሰጪዎቹ ተብለው የሚሰቀሉ ሰሌዳዎች አሉ። ሥራቸው ስለሆነ በቀን አሥር ጊዜ በዚያ ያልፋሉ፤ በብዛት የተሰቀለውን ይይዛሉ። «ሰርጉ ዛሬ ነው እንጂ ሽምግልናው ዱሮ አልቋል» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። ያ ሌሊት የሚፈጸምበት እንጂ የሚወሰንበት አይደለም። ድምፅ የሚሰጡት የኦስካር ሰጪው አካዳሚ አባላት አሥር ሺህ ያህል ናቸው፤ ተዋናዩን የሚያጨው ተዋናይ ነው፣ ዳይሬክተሩን የሚያጨው ዳይሬክተር፤ በመጨረሻው ዙር ሁሉም ለሁሉም ይመርጣል። እነዚህን ሰዎች ለማግኘት ወራት ሙሉ ምሳ ይበላል፣ ፊልም በግል ይታያል፣ ከተዋናዩ ጋር ወይን ይጠጣል። ለዚህ ሁሉ እኛ ነን የምናመላልሰው፤ የእኛ ሀብታም ወቅት የካቲት ሳይሆን ኅዳርና ታኅሣሥ የሆነው ለዚህ ነው። በ2025 ያሸነፈው «አኖራ» በ6 ሚሊዮን ዶላር የተሠራ ፊልም ነው፤ ለማስተዋወቂያው የወጣው ግን የዚያ ሦስት እጥፍ እንደሆነ ተጽፏል። ዳይሬክተሩ ሾን ቤከር በአንድ ሌሊት በአንድ ፊልም አራት ምስል ተሸክሞ ወጣ፤ አንዱ ብቻ ወደ አራት ኪሎ ይጠጋል። ሌላም ልጨምርላችሁ፤ በየምድቡ የታጩትን ፊልሞች ሁሉ ያላየ ሰው በመጨረሻው ዙር አይመርጥም የሚለው ደንብ የወጣው በዚያው በ2025 የጸደይ ወር ነው። ከዚያ በፊት ለነበሩት ዓመታት ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ትቼዋለሁ። እኔ ወረቀት ፈርሜያለሁ።

ጋሼ የተሸነፉበትን ሌሊት ግን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ የካቲት 26 ቀን 2017።

በዚያ ዓመት እኛ ሐበሾቹ የራሳችን ሰው ነበረችን። ሩት ነጋ፤ አዲስ አበባ የተወለደች፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ። በሕፃንነቷ ወጥታ አየርላንድ ነው ያደገችው። «ላቪንግ» በሚለው ፊልም፣ ነጭ በማግባቷ ከቨርጂንያ የተባረረችውን ሚልድረድ ላቪንግን ሆና ተጫውታ ለዋና ተዋናይት ታጭታ ነበር። የባልና ሚስቱ ክስ በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነው በአሜሪካ ዘር ለይቶ ጋብቻ የሚከለክለው ሕግ የወደቀው። ከጎኗ የታጩት ሜሪል ስትሪፕ፣ ኢዛቤል ኡፔር፣ ናታሊ ፖርትማንና ኤማ ስቶን ናቸው። ሁላችንም ሩትን ጻፍን። ጋሼ ብቻ ኤማ ስቶን አሉ። «ጋሼ፣ ምነው የአገር ልጅ አይደለችም እንዴ?» ብንላቸው፣ «ፍቅር ሌላ፣ ሃያ ዶላር ሌላ» አሉን።

ኤማ ስቶን በ«ላ ላ ላንድ» አሸነፈች። ሦስት ሰው ስልኩን ትቶ ሊያጨስ ሄደ። ቀጥሎ የመጨረሻው፣ ትልቁ ሽልማት መጣ። አቅራቢው ዋረን ቢቲ ፖስታውን ከፈተ፣ ካርዱን አየ፣ ፖስታው ውስጥ እንደገና ተመለከተ፣ ዝም አለ። አብራው የቆመችው ፌይ ደናዌይ የሚቀልድ መስሏት ካርዱን ተቀብላ «ላ ላ ላንድ» ብላ ጠራች። ጋሼ ብሩን ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱ፤ የሰንሴት ጎዳና ሰሌዳ መቼ ይዋሻል።

ከሁለት ደቂቃ በላይ አልፎ፣ ሰዎቹ አመስግነው ሳይጨርሱ፣ የጆሮ ማዳመጫ ያደረጉ ሰዎች መድረክ ላይ መሯሯጥ ያዙ። ከዚያ የ«ላ ላ ላንድ» አዘጋጅ ጆርዳን ሆሮዊትዝ ራሱ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ ስህተት አለ፣ ያሸነፈው «ሙንላይት» ነው አለ፤ ካርዱንም ለካሜራ ከፍ አድርጎ አሳየ። መኪና ማቆሚያው በአንድ አፍ ጮኸ። «ጋሼ! ብሩን ይመልሱ!» «አንዴ የተነበበ ተነበበ!» አሉና መኪናቸው ውስጥ ገብተው ቆለፉ። በኋላ መልሰዋል፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከአንዳችንም ጋር አልተነጋገሩም።

ለመሆኑ ምን ተፈጠረ? ድምፁን ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሚቆጥረው የሒሳብ ድርጅት ፕራይስዋተርሃውስኩፐርስ ነው። ያኔ ውጤቱን አስቀድመው የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ በቃላቸው ያጠኑታል። ሁለት አንድ ዓይነት ቦርሳ ይዘጋጃል፣ በየቦርሳው የሁሉም ምድብ ፖስታ ሙሉ በሙሉ አለ፤ ሁለቱ ሰዎች በተለያየ መንገድ ወደ ቴአትሩ ይመጣሉ፤ አንዱ በመድረኩ ግራ፣ ሌላው በቀኝ ይቆማል። አቅራቢው በየትኛው በኩል ቢገባ የሚቀበለው ፖስታ እንዲኖር ነው። በአንደኛው በኩል አንድ ፖስታ ሲሰጥ፣ በሌላው በኩል ያለው መንትያ ወደ ጎን ሊደረግ ይገባዋል። በዚያች ቅጽበት ግን አንደኛው ሰው ኤማ ስቶን ምስሏን ይዛ ከመጋረጃ ኋላ ስትገባ ፎቶ አንሥቶ ትዊተር ላይ ለጥፏል። ለቢቲ የሰጠውም ወደ ጎን ሊያደርገው ይገባ የነበረውን መንትያ ነው፤ የዋና ተዋናይቷን።

አያችሁት? ዓለምን ያሳሳተው ካርድ ሩት ነጋ የተወዳደረችበት ምድብ ካርድ ነው። ያ ካርድ የእሷን ስም ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ ደናዌይ የምታነብበው የፊልም ስም «ላቪንግ» ነበር፤ እሱ ደግሞ ለትልቁ ሽልማት ጭራሽ አልታጨም። ያኔ ስህተቱ በሰከንድ በታወቀ። ይህን ያሰሉልን ጋሼ ናቸው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቡና ቤት ቁጭ ብለን። በሚቀጥለው ዓመት ሕጉ ጠበቀ፤ ፖስታ የሚይዙት ሰዎች ከመድረክ ኋላ ስልክ እንዳይዙ ተከለከለ፣ ሦስተኛ ሰው ውጤቱን አጥንቶ መቆጣጠሪያ ክፍል እንዲቀመጥ ተደረገ፣ የምድቡም ስም ፖስታው ላይ ጎላ ብሎ ተጻፈ።

ፖስታ መታሸግ የጀመረውም በስህተት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ሥርዓት በ1929 ሩዝቬልት ሆቴል የተደረገው፣ ከዛሬው ቴአትር መንገድ ተሻግሮ፣ ሩብ ሰዓት ነው የፈጀው፤ አሸናፊዎቹ ሦስት ወር ቀድመው ታውቀዋል። በኋላ ደግሞ ለጋዜጦች አስቀድሞ ይነገርና እስከ ሌሊት እንዲይዙት ይለመኑ ነበር። በ1940 አንድ የከተማው ጋዜጣ አላስቻለው፤ እድምተኞቹ ወደ አዳራሹ ሳይገቡ የአሸናፊዎቹን ስም አትሞ በየመንገዱ አስነበበው። በሚቀጥለው ዓመት ፖስታ ታሸገ።

የ1940ው ሌሊት በሌላ ምክንያትም ከአእምሮዬ አይወጣም፤ ወደ ወንበር ይመልሰኛልና። ሥርዓቱ የተደረገው አምባሳደር ሆቴል ኮኮናት ግሮቭ በሚባለው አዳራሽ ነው። ሃቲ ማክዳንኤል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ላይ በሠራችው ሥራ በረዳት ተዋናይት ምድብ ታጭታለች። ሆቴሉ ጥቁር አያስገባም። የፊልሙ አዘጋጅ ዴቪድ ሴልዝኒክ አስለምኖ አስፈቀደ፤ ስትገባ ግን ከባልደረቦቿ ጋር አልተቀመጠችም። ከግድግዳው ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ተዘጋጀላት። ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥታ ነው ያን ሁሉ ርቀት ሄዳ ሽልማቱን የተቀበለችው፤ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር። በዚያ ዘመን ለረዳት ተዋንያን የሚሰጠው ምስል አልነበረም፣ ሰሌዳ ነበር። በ1952 ስትሞት ሰሌዳውን ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተናዘዘች። እዚያም ጠፋ። እንዴት እንደጠፋ ብዙ ዓይነት ወሬ አለ፤ የተረጋገጠ ግን የለም። አካዳሚው ምትኩን ሠርቶ በዋሽንግተን ያስረከበው በ2023 ነው።

ሃዋርድ ስል የእኛ አንባቢ ወዲያው ማንን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ኃይሌ ገሪማ ከ1975 ጀምሮ ያስተማረው እዚያ ነው፤ ሳንኮፋ የተባለው መጽሐፍ ቤቱና ካፌውም ከግቢው ፊት ለፊት ጆርጂያ ጎዳና ላይ ነው። የጎንደሩ ሰው ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሆሊውድን አንፈልግም ካሉት ጥቁር ወጣት ፊልም ሠሪዎች አንዱ ሆኖ ነው የጀመረው። «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስድም አሉት። እሱና ባለቤቱ በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ራሳቸው ቲኬት እየሸጡ አሳዩት። ማለትም ወንበሩንም ራሳቸው ተከራዩት። መስከረም 25 ቀን 2021 አካዳሚው ሙዚየሙን ሊከፍት ሲል ባዘጋጀው ታላቅ የእራት ግብዣ ላይ አዲስ ያቋቋመውን የቫንቴጅ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው ለዚሁ ሰው ነው። በዚያው ምሽት ሶፊያ ሎሬንም ተከብራለች።

ሙዚየሙ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዊልሻየርና ፌርፋክስ ጥግ፤ ያ የወርቅ ቀለም ያለው ክብ ማዕዘን ያለው የድሮ መደብር። ከዚያ ፌርፋክስን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ብትወርዱ፣ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ሊትል ኢትዮጵያ ናችሁ። ከተማው በ2002 በይፋ ስም የሰጠን ያ ሰፈር። በግብዣው ምሽት መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ከሰፈራችን ምግብ ቤቶች በአንዱ በር ላይ የቆመች ልጅ፣ ምን ተገኘ ብላ ጠየቀችኝ። «ጋሽ ኃይሌን እየሸለሙ ነው» አልኳት። «የትኛው? ሯጩ?» አለች። ምን ልበላት።

ለምን ከአገር ቤት ፊልም አይመጣም እያላችሁ በየበዓሉ የምትጠይቁኝም መልሱ እዚሁ ጋ ነው። ለዓለም አቀፉ ምድብ አንድ አገር በዓመት አንድ ፊልም ብቻ ይልካል፤ የአገሩ አስመራጭ ኮሚቴ መርጦት፣ ሲኒማ ቤት ቢያንስ ሰባት ቀን በተከታታይ ታይቶ። ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራው «አትሌቱ» ሄዷል፣ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ሄዷል፣ በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም የሆነው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ሄዷል። እጩ ዝርዝር ውስጥ አልገቡም። ሥራው አንሶ አይመስለኝም፤ ሰንሴት ጎዳና ላይ ሰሌዳቸውን ስላላየሁ ነው። ደግሞ ሰሌዳ ብቻ ነው እንዳልል፣ በ2025 የላትቪያው «ፍሎው» አፌን አዘጋኝ። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን የማይሞላ አገር፣ በነጻ በሚገኝ ሶፍትዌር የተሠራ፣ አንድ ቃል የማይነገርበት የድመት ፊልም፤ ትልልቆቹን ስቱዲዮዎች በአኒሜሽን ረትቶ ለአገሩ የመጀመሪያውን ኦስካር አመጣ። ጋሼ ያን ዓመት የጻፉት ሌላ ነበር።

ስለ ምስሉ አንድ ወሬ ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ የእኛ የሾፌሮቹ ነገር ስላለበት። በ2000፣ ሥርዓቱ ሊደረግ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ 55 ምስሎች ከጭነት ማራገፊያ ተሰረቁ። የተያዙት የጭነት ድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው፣ አንዱ ሾፌር። 52ቱን ያገኛቸው ከአንድ የገበያ ሕንጻ ኋላ ካለ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ፣ የተጣለ ዕቃ የሚለቃቅም ሰው ነው። ሃምሳ ሺህ ዶላር ጉርሻ ሰጡት፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሁለት ወንበር። ልጁን ይዞ ገባ። ከዚያ ቤት በር ላይ ካወረድናቸው ሰዎች ሁሉ ወንበሩን በእጁ ላብ ያገኘ እሱ ይመስለኛል።

ምስሉ ደግሞ መድረክ ላይ ሲሰጥ ስም የለበትም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። አሸናፊው በላይኛው ፎቅ ባለው የእራት ግብዣ ላይ ጠረጴዛ ጋ ቀርቦ ምስሉን ይሰጣል፤ ሠራተኛው ስሙ የተቀረጸበትን ሰሌዳ ሥሩ ላይ ይገጥምለታል። ዓለም የሚያውቀው ሰው እንደ ቀበሌ መታወቂያ ወረፋ ይዞ ይቆማል። ሰሌዳው እዚያው አይቀረጽም፤ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፣ ለሁሉም እጩ፣ ለእያንዳንዱ። ያሸነፈው ይወስዳል። የተቀሩት በስማቸው የተቀረጹት ሁሉ ተሰብስበው ይቀልጣሉ። ወስዶ መሸጥም አይቻልም፤ ከ1950 ወዲህ የተሰጠ ምስል የሚሸጥ ቢሆን መጀመሪያ ለአካዳሚው በአንድ ዶላር ማቅረብ ግዴታ ነው።

ሌሊቱ ሲያልቅ በቁጥር ይጠሩናል። አሸናፊ ሲገባ መኪናው ይጮኻል፤ ስልክ፣ ሳቅ፣ ወደ ሌላ ድግስ ውሰደን። የተሸነፈ ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ ከዚያ ዝምታ። መስተዋቱን ወደ ላይ አዞራለሁ። አንድ ዓመት እንዲህ ዝም ያለ ሰው ቤቱ አድርሼ ስመለስ የኋላ ወንበር ላይ ሻርፕና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ደንቡ የተረሳ ዕቃ ለቢሮ ማስረከብ ነው። ወረቀቱን አላነበብኩም ብል አታምኑኝም፤ ሁለት መስመር ነው ያየሁት። የሴት ስም ነበር፣ ተሰርዞ፣ ከላዩ «እናቴ» ተብሎ የተጻፈ።

በማግስቱ ረዳቱ ደወለ። ሻርፕ ተረስቷል አለኝ። ሌላ ነገርስ አልኩት። ሌላ የለም አለ። ሻርፑን አጥፌ፣ ወረቀቱን በመካከሉ አድርጌ፣ ሲመጣ ሰጠሁት። ከዚያ የኋላውን ወንበር በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ፤ ኤርፖርት የሚጠብቀኝ ሰው ነበር።